ሶስት አመት የዲቪዥን ስሪ አባት ሆኜ፦ ስለ ልጄ ኮሌጅ የሩጫ ቡድን

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወንድማችን ያዘኝና "ልጅህ በሩጫ ነው አሉ ኮሌጅ የገባችው፣ ፉል ስኮላርሺፕ ነው አይደል?" አለኝ። አይ ለሩጫው አምስት ሳንቲም አልሰጧትም ብዬ ላስረዳው ስጀምር "ታድላችሁ! እስቲ ለኔም ልጅ አንድ ነገር በልልኝ" ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ። ይሄ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው፣ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝን ሰው ይሄን አንብብ ነው የምለው።

ልጄ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሶስተኛ አመቷን እየጨረሰች ነው። ተማሪው ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሺህ አይሞላም። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ልጅቷም ገና አንድ አመት ይቀራታል። እኛ ያለነው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ በ270 ወጥተን ፍሬድሪክ ላይ 15ን ይዘን ወደ ላይ ነው የምንሄደው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ እናቷ ከነዳች ደሞ ሶስት።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ። እዚህ አገር የኮሌጅ ስፖርት አብዛኛው ኤንሲኤኤ በሚባለው ድርጅት ስር ነው፣ በሶስት ዲቪዥን ይከፈላል። በቲቪ የምታዩአቸው፣ ስታዲየም የሚሞሉት፣ ዲቪዥን ዋን ናቸው። ዋን እና ቱ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ፣ እሱም ቢሆን ሩጫ ላይ ብዙ ጊዜ ለልጆቹ ተቆራርሶ ነው የሚደርሰው እንጂ ሁሉም ሙሉ አያገኝም። ዲቪዥን ስሪ በኮሌጅ ብዛት ከሁሉም ይበልጣል፣ ከ400 በላይ ናቸው፣ እና የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ኮሌጁ ቆጥቋጣ ሆኖ አይደለም፣ ህጉ ነው የሚከለክለው። ልጄ የምታገኘው እርዳታ በሙሉ ፋፍሳ በሚባለው የመንግስት የትምህርት እርዳታ ፎርም ላይ በሞላነው ገቢያችንና በሃይስኩል ውጤቷ የመጣ ነው። መጀመሪያ ይሄን ስሰማ ታዲያ ምን ያሯሩጣታል ብዬ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፣ ነገ ጠዋት ተነስታ ሩጫ በቃኝ ብትል ከእርዳታዋ አንድ ዶላር አይቀነስባትም። ይሄ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ ደሞ ስትጎዳ ነው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ታዲያ ገንዘብ ካልሰጡ ለምንድነው ኮቹ ልጆችን እየዞረ የሚለምነው? አትሳቱ፣ ለኮሌጁ ጥሩ ቢዝነስ ነው። አንዳንዶቹ ትንንሽ ኮሌጆች ውስጥ ከተማሪው ሲሶው የሆነ ቡድን ውስጥ ነው። 40 ልጅ ያለው ቡድን ማለት 40 ከፋይ ቤተሰብ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ልጆች ደሞ ኮች ባይጽፍላቸው ኖሮ የዛን ኮሌጅ ስም እንኳን የማይሰሙ። በዚህ አልፈርድባቸውም፣ ተማሪ እያነሰባቸው ነው። ግን አውቃችሁ ግቡ ለማለት ነው። አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ሳውዘርን የሚባል ኮሌጅ ነበር፣ ሜይ 31 ቀን 2024 ተዘጋ፣ ገንዘብ አልቆበት። በዛው ቀን ቤዝቦል ቡድኑ ኦሃዮ ላይ የዲቪዥን ስሪ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የአመቱን የሻምፒዮና ውድድር፣ እየተጫወተ ነበር። በነጋታው ኮሌጅ የሌለው ቡድን ሆኖ ወጥቶ አሸነፈ! ከዛ ቀጣዩን በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ወጣ። ታሪኩ ያምራል፣ ግን የዛ ልጅ አባት ብሆን እኔ አላለቅስም ነበር? ስለዚህ ኮሌጅ ስትጎበኙ ስለ ጂሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ካዝናውም ጠይቁ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሪክሩት፣ የምልመላው ነገር። ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል እያለች ነው የኮቾች ኢሜይል መምጣት የጀመረው። አምስት ኪሎሜትር በ20 ደቂቃ አካባቢ ነበር የምትሮጠው፣ ጥሩ ነው ግን ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኢትዮጵያዊት ሲሉ ሰው ሁሉ ጥሩነሽ ዲባባን ነው የሚጠብቀው። ኮቹ መጀመሪያ ያገኘኝ ቀን "አንተስ ትሮጥ ነበር?" አለኝ። እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፣ በህይወቴ የሮጥኩት ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። ከዛ ደሞ "ደሴ ከፍታዋ ስንት ነው?" አለኝ፣ 2500 ሜትር ገደማ ስለው አይኑ ሲበራ አየሁት። ኧረ ባክህ ልጅቷ የተወለደችው ሜሪላንድ ነው፣ ያየችው ትልቁ ከፍታ የኛ አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ነው አልኩት። ሳቀ። እዛው ወደድኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮቹ እፈልግሻለሁ ማለቱና አድሚሽን ተቀብለንሻል ማለቱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ብዙ ኮሌጆች ፕሪ ሪድ የሚሉት ነገር አላቸው፣ አስራ አንደኛን ስትጨርስ በሰመር እረፍቱ ትራንስክሪፕቷን ወስደው አድሚሽን ቢሮው ቀድሞ ያየዋል፣ የፋይናንሻል ኤይድ ግምትም የሚሰጡ አሉ። ጠይቁ! እኔ ያልጠየቅኩት ይሄን ሁለተኛውን ነው። ከዛ ኮቹ "ኧርሊ ዲሲዥን ካመለከተች ይረዳታል" ማለት ጀመረ። እውነቱን ነው ይረዳታል፣ ግን ኧርሊ ዲሲዥን ማለት ከተቀበሉሽ ትገቢያለሽ ብላ መፈረም ማለት ነው፣ የሌላውን ኮሌጅ ኦፈር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ቀረ ማለት ነው። እርዳታው በጭራሽ ካልበቃ መውጣት ይቻላል፣ ግን ያንን ለ17 አመት ልጅ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው፣ ስሟ የተጻፈበት ማልያ አሳይተዋት መጥታለች እኮ። እኛ ፈረምን። ከወር በኋላ እናቷ ከስራ ቦታዋ ሰው ስትሰማ ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ በአመት አራት ሺህ ዶላር የሚያህል የተሻለ ሰጥቷል። እስካሁን እናቷ ሂሳብ ስንሰራ ታነሳብኛለች።

አሁን ወደ ጥሩው ልግባ፣ ምክንያቱም ጥሩው ይበልጣል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ትምህርት ሳይጀመር ቡድኑ ካምፕ ይገባል። የመጀመሪያው አመት የካምፑ ጅማሬ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። ልጄ ትጾማለች፣ እኛ አስገድደናት አይደለም ራሷ ናት፣ እኔ እንደውም ስትሮጥ ይቅርብሽ ብያት ተቆጥታኛለች። ለኮቹ ነገረችው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሳምንት ነው ይቅርብሽ ይል ነበር መሰለኝ፣ እሱ ግን የቀን መቁጠሪያ አምጪ አላት። ተቀምጠው ፍልሰታን፣ ረቡዕና አርብን፣ ሁዳዴን፣ የነቢያትን ሁሉ ምልክት አደረጉ። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ነው የሚገባው፣ የክሮስ ካንትሪው ሲዝን ያኔ አልቋል፣ እሱን ሲያይ "ተመስገን" አለ አሉ፣ በራሱ ቋንቋ። ችግሩ አርብ ነው፣ ውድድር ቅዳሜ ስለሆነ አርብ ማታ ቡድኑ አብሮ ፓስታ ይበላል፣ ስጎው ስጋ ነው። ከዛ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይሰራል፣ አንዱ የቲማቲም ብቻ። ሁለት ቬጂቴሪያን ልጆች ነበሩ፣ ለሁለት አመት አይብ በዳቦ ሲበሉ የኖሩ፣ በልጄ ጾም ነጻ ወጡ።

ውድድሩን ላላያችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ክሮስ ካንትሪ ያው አገር አቋራጭ ነው፣ ጃንሜዳን አስቡ፣ ግን ጎልፍ ሜዳ ወይ የገበሬ ማሳ ዳር። ሴቶቹ 6 ኪሎሜትር ወንዶቹ 8 ኪሎሜትር ነው የሚሮጡት። ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን እንነዳለን፣ ስንደርስ ሳሩ ላይ ጤዛ አለ፣ ድንኳኖች ተደርድረዋል፣ የወላጆች ጠረጴዛ ላይ ቤግል ሙዝ ብርቱካን ቸኮሌት ወተት። መጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጃችንን ሄደን አፈርን። ሁለተኛው ላይ ባለቤቴ ቆሎ ይዛ ሄደች፣ ገብስና ሽምብራ ኦቾሎኒ ያለበት፣ አንድ ትልቅ ፌስታል። ልጆቹ መጀመሪያ አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ እንደ መድሃኒት ነበር የሚቀምሱት፣ ውድድሩ ሲያልቅ ግን ፌስታሉ ባዶ። አሁን ቆሎ ሳንይዝ ብንሄድ የሚያስገቡን አይመስለኝም።

ነጥብ አቆጣጠሩ እስኪገባኝ አንድ ሲዝን ፈጅቶብኛል። በዋና ዋናዎቹ ውድድሮች ከአንድ ቡድን ሰባት ልጅ ይሰለፋል፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ልጆች ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹን ያመጣ ያሸንፋል። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የአንድ ቡድን ልጆች ከገቡ 15 ይሆናል፣ ከዛ የተሻለ የለም። ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ነጥብ አይያዝላቸውም፣ ግን የሌላ ቡድን ልጅ ቀድመው ከገቡ የዛችን ልጅ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፉታል። በቃ ይሄ ከገባችሁ ሩጫው ሌላ ነገር ይሆናል፣ ፊት ያለችውን ማየት ትታችሁ አርባኛና ሃምሳኛ ላይ ያሉትን ነው የምትቆጥሩት። ባለፈው አመት የኮንፈረንስ (የሊጋችን) ውድድር ላይ ልጄ የቡድኗ አምስተኛ ነበረች። ዳገቱን ስትጨርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ አንድ እግሯ ካልሲ ወርዶ፣ መጨረሻው 200 ሜትር ላይ ሁለት ልጆች አለፈች። ቡድኑ ሶስተኛ የወጣው አራተኛውን በአንድ ነጥብ በልጦ ነው። አስቡት፣ 38ኛ የወጣች ልጅ ናት ውጤቱን የወሰነችው። እኔ የባርሴሎናን የደራርቱን ሩጫ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ያየሁ ሰው ነኝ፣ እንደዛ ቀን ግን ጮኬ አላውቅም።

ስለ መጮህ ካነሳን፣ እኔ ዳር ቆሜ "አይዞሽ! አይዞሽ!" ስል የሰሙ ልጆች ቃሉን ያዙት። አሁን ቡድኑ በሙሉ ነው አይዞሽ የሚለው፣ ወንዶቹ ሲሮጡም አይዞሽ፣ ጢም ያለውን አይዞሽ። ለወንድ አይዞህ ነው ብዬ አንዴ ላስተካክል ሞከርኩ፣ ተውኩት።

ሌላው፣ ማንም አይባረርም። ይሄ የኛ ቡድን ነገር ነው ሁሉም ቦታ እንደዛ ነው አልልም፣ ሮስተር የሚቆርጡ አሉ ጠይቁ። እዚህ ግን 6 ኪሎሜትር ላይ ከመጀመሪያዋ ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይታ የምትገባ ልጅ አለች፣ ኮቹ የእሷንም ሰዓት በየኪሎሜትሩ ይዞ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ በሚቀጥለው 15 ሰከንድ ካሻሻለች ቡድኑ ፊት ያነሳዋል። ሲያሸንፉ ብቻ ለሚደሰት ሰው ዲቪዥን ስሪ አይሆንም። ካልቴክ እኮ፣ ያ የኖቤል ሰዎች ያሉበት፣ ወንዶች ባስኬትቦል ቡድኑ 310 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነው በ2011 ኦክሲደንታል ኮሌጅን 46 ለ 45 ያሸነፈው። ሶስት መቶ አስር! የእኛ ሰው ቢሆን አሰልጣኙን በስንተኛው ያባርረው ነበር።

ትምህርቱ ላይ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሐሙስ ከሰዓት የኬሚስትሪ ላብ አላት፣ ከልምምድ ጋር ይጋጫል፣ ኮቹ ላብሽን ጨርሺ አለ፣ አንድ ሲዝን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ረዳት ኮቹ ከእሷና ከሌላ አንድ ልጅ ጋር ለብቻ ወጥቷል። ይሄ ረዳት ኮች ልዩ ሰው ነው፣ ጉዞ ሲሆን ቫኑ በር ላይ ቆሞ ልጅ ሲቆጥርና "ግቡ ግቡ" ሲል ስሙም ረዳት ስራውም ረዳት፣ መገናኛ ነው ትዝ የሚለኝ። ቫኑን የሚነዳው ራሱ ዋናው ኮች ነው። አውሮፕላን ምናምን የለም፣ ሆቴልም ከሆነ አራት ልጅ በአንድ ክፍል። ማልያና ቱታ ይሰጣሉ፣ ስፓይኩን፣ የውድድር ጫማውን፣ ግማሽ እንከፍላለን፣ የልምምድ ጫማ ግን የራሳችሁ ነው፣ እሱ ደሞ በሁለት ሶስት ወር ያልቃል፣ 140 ዶላር በአመት አራት ጊዜ አስሉት። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ምድር ቤት ነው፣ ይሸታል፣ አልዋሽም።

ሲዝኑ አያልቅም። መጸው ላይ ክሮስ ካንትሪ፣ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ትራክ፣ ከዛ ውጭ ትራክ እስከ ሜይ። ባለፈው መስከረም መስቀል ቅዳሜ ዋለ፣ ውድድር ነበር፣ ደመራውን በስልክ አሳየናት ከዶርም። አያቷ እስካሁን "ልጅቱን ሸጣችኋት" ትላለች።

እሺ ወደ ወቀሳው። ሁለተኛ አመቷ ጸደይ ላይ ቅልጥሟን አመማት። ኮሌጁ ለሃያ ምናምን ቡድን ያለው ትሬነር፣ ጉዳት የሚያየው ባለሙያ ማለት ነው፣ ሁለት ሰው ነው፣ ፉትቦሎቹ ተራቸው መጀመሪያ ነው። በረዶ አድርጊበት፣ አይቡፕሮፌን ውሰጂ፣ ብስክሌት ንጂ፣ እየተባለ አምስት ሳምንት ሄደ። እኛ ምንም አናውቅም! ልጁ 18 ከሞላው ያለ እሱ ፈቃድ ለወላጅ የጤና ነገር አይነግሩም፣ እሷ ደሞ እንዳንጨነቅ ብላ ዝም። ፋሲካ ላይ ስትመጣ ደረጃ ስትወጣ ስታነክስ እናቷ አየቻት። እዚሁ ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ኤክስሬይ ምንም አላሳየም፣ ኤምአርአይ ሲነሳ ስትረስ ፍራክቸር፣ አጥንቷ ላይ ቀጭን ስንጥቅ። ስድስት ሳምንት ቡት፣ እግር እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው የሐኪም ጫማ። ደም ስትመረመር ደሞ ብረቷ ወርዷል፣ ፌሪቲን የሚሉት፣ ረጅም ርቀት በሚሮጡ ሴቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው አለን ሐኪሙ፣ ኪኒኑን ሰጥቶ ከሻይና ከቡና ጋር እንዳትወስጂ፣ ብረቱን እንዳይገባ ያደርገዋል አላት። አያቷ "እንጀራ ትታ ቅጠል ስለምትበላ ነው" ብላ ዘጋችው።

ከዛ ቢሉ መጣ። ኮሌጁ ኢንሹራንስ አለው ሲሉን የሚከፍል መስሎን ነበር፣ ለካ ሰከንደሪ ነው፣ መጀመሪያ የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ የተረፈውን ነው እነሱ የሚያዩት፣ እሱም የጉዳት ፎርም በጊዜው በትሬነሩ በኩል ከገባ ነው። ማንም ስለ ፎርሙ አልነገረንም፣ ቀኑ አለፈ ተባልን። ሶስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሶስት የተለያየ ሰው፣ ሶስቱም "አይ አንደርስታንድ" እያሉ። ስለዚህ ስሙኝ፦ ልጃችሁ ከመግባቷ በፊት ኢንሹራንሳችሁ እዛ ስቴት ይሰራ እንደሆነ እዩ፣ ዲዳክተብላችሁን፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን፣ እወቁ፣ ልጅቷ ለትሬነሩ ክፍል ወላጆቼን አነጋግሩ ብላ የፈቃድ ወረቀት ትፈርም፣ ያመማት ቀን ያመማትን በኢሜይል ትጻፍ፣ በአፍ አይበቃም።

ኮቹን ግን ከዚህ አወጣዋለሁ። ስንጥቁን የሰማ ቀን ደወለ፣ እኔ ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ አለ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እሷን ከቡድኑ አላራቃትም፣ ቡት አድርጋ ሰዓትና ወረቀት ይዛ ትራኩ መሃል ቆማ የሌሎቹን ዙር ትይዝ ነበር፣ በቫኑ ትሄድ ነበር። ስኮላርሺፕ ይነሳብኛል ብላ በታመመ እግር አልሮጠችም፣ ምክንያቱም የሚነሳ የለም። የጓደኛዬ ልጅ ዲቪዥን ዋን ነው፣ እሱ ሲጎዳ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው፣ በየአመቱ ይታደስ ይሆን አይታደስ እያሉ።

እና ለወንድማችን መልሴ፦ ልጅህን ገንዘብ ያመጣል ብለህ ከሆነ በዚህ በኩል አትምጣ፣ ፋፍሳህን ሙላ፣ ማትሱን ያጥና። መሮጥ ስለሚወድ ከሆነ ግን እንዲህ አይነት ኮች ያለበትን ፈልግ፣ ቅዳሜ ሄደህ ድንኳኑ ጋ ቁም፣ መጨረሻ ለገባችው ልጅ ምን እንደሚያደርጉ አይተህ ተመለስ።

ለቡድኑ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር፣ አራት ነው የሰጠሁት። አምስተኛውን የኤምአርአዩ ቢል ይዞታል፣ አሁንም በወር 60 ዶላር እየከፈልኩ ነው፣ ሰባት ወር ይቀረኛል።